ለቤት እድሳት ካሽ ስከፍል የምከተለው መንገድ

ቤት ያሳደሰ ሰው ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። ዋጋ ተከራክራችሁ ልትጨርሱ ስትሉ ባለሙያው «በደረሰኝ ነው ወይስ ያለ ደረሰኝ?» ይላችኋል። ያለ ደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይወርዳል። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ብዙ አያስብም፤ «ያለ ደረሰኝ» ብሎ ያልፋል።

እኔ መታጠቢያ ቤቱንና ማድ ቤቱን እስከ ግድግዳው ድረስ አስፈርሼ ነው ያሠራሁት። ከዚያ የኤሌክትሪክ መስመሩን አስቀየርኩ፣ መኝታ ክፍሎቹን አስቀባሁ። አብዛኛውን ክፍያ የፈጸምኩት በካሽ ነው። ስለዚህ «ካሽ አትክፈሉ» ልል አልመጣሁም። የሴራሚክ ሠራተኛው ረዳቶቹን ማታ ማታ ነው የሚከፍለው፤ ካሽ ይፈልጋል። ከሕግ አንጻርም ካሽ በራሱ ነውር የለበትም። አንዳንድ አገሮች መጠኑን ይገድባሉ፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2027 ጀምሮ ለንግድ ክፍያ የ10,000 ዩሮ ጣሪያ አስቀምጧል። አገሩ ካስቀመጠው ጣሪያ በታች ያለው ካሽ ሕጋዊ ገንዘብ ነው። ጣጣው የሚመጣው ገንዘቡ ከሥራው ሲቀድምና ምንም ማስረጃ ሳይተው ሲሄድ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቅናሹ። «ታክሱን እተውልሻለሁ» ሲባል ደስ ይላል። ግን ሂሳቡን እንየው። ባለሙያው ለተጨማሪ እሴት ታክስ ያልተመዘገበ ትንሽ ሠራተኛ ከሆነ መጀመሪያውኑ የሚተውልኝ ታክስ የለም። «ቅናሽ» ያለው አስቀድሞ የቆለለውን ነው። የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ሲሚንቶውንና ቧንቧውን ሲገዛ ታክስ ከፍሏል። ሥራውን ከመዝገብ ውጭ ካደረገው ያንን ታክስ ለመንግሥት ከሚከፍለው ላይ ማካካስ አይችልም። ስለዚህ ሙሉውን ታክስ ሊቀንስልኝ አቅም የለውም፤ የሚቀንሰው ከዚያ ያነሰ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ሁልጊዜ ሁለት ዋጋ እጠይቃለሁ፣ ተመዝጋቢ መሆኑንም እጠይቃለሁ። አንዱ ባለሙያ ይህን ስጠይቀው ሳቅ አለና «እህቴ፣ እኔ ደረሰኝም የለኝ» አለኝ። ታዲያ ምኑን ነበር የሚቀንስልኝ?

እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪታንያ ግምጃ ቤት ባለሥልጣን የነበሩት ዴቪድ ጎክ፣ ቅናሽ ለማግኘት ብሎ ለእጅ ባለሙያ በካሽ መክፈልና ታክስ እንዲሸሽ መርዳት ከሞራል አንጻር ስህተት ነው ብለው ብዙ አነጋግረው ነበር። የሞራሉን ነገር እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ይጨርሰው። እኔን የበለጠ ያስደነገጠኝ የጀርመን ታሪክ ነው። አንዲት ሴት የግቢዋን መንገድ በንጣፍ ድንጋይ አሠራች። ያለ ደረሰኝ 1,800 ዩሮ በካሽ ከፈለች። ድንጋዩ በኋላ ተበላሸ። ጉዳዩ እስከ ፌዴራሉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 የወሰነው ይህን ነው፦ ሁለቱም ታክስ ለመሸሽ ተስማምተው ስለሠሩ ውሉ ፈራሽ ነው፣ ሴትየዋም ይጠገንልኝ የማለት መብት የላትም። በቀጣዩ ዓመት በሌላ ጉዳይ ደግሞ እንዲህ የሠራ ባለሙያ ያልተከፈለውን ገንዘብ መጠየቅ እንደማይችል ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ እንደማይችል። ዞሮ ዞሮ ሁለቱም ወገን ባዶ እጁን ቀረ። የየአገሩ ሕግ ይለያያል። ነገሩ ግን ግልጽ ነው፤ ቅናሹን ስትወስዱ የምትሸጡት ነገር አለ፤ ነገ ሥራው ሲበላሽ የምትቆሙበትን መሬት።

እና ምን አደርጋለሁ? ደረሰኝ የሚሰጥ ባለሙያ ካገኘሁ ልዩነቱን ከፍዬ በደረሰኝ አሠራለሁ። በተለይ ግድግዳ ውስጥ ለሚቀበር ነገር፣ ማለትም ለቧንቧ፣ ለኤሌክትሪክና ለውሃ መከላከያ። ደረሰኝ የሌለው ትንሽ ባለሙያ ሲሆን ደግሞ በካሽ እከፍላለሁ፤ ግን በጽሑፍ። ታክሱን ማሳወቅ የእሱ ኃላፊነት ነው። «ደብቀን እንሥራ» ብዬ እኔ አልስማማም፤ ወረቀትም አልቀንስም።

ወደ ቀብድ እንምጣ፤ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና። «ግማሹን አስቀድሚ» የሚል ሁሉ ምክንያቱ አንድ ነው፦ ዕቃ ልግዛ። ስለዚህ ዕቃውን እኔ እገዛለሁ። ባለሙያው ዝርዝሩን ይጽፋል፤ ካስፈለገ አብሮኝ ይሄዳል፤ ደረሰኙ በእኔ ስም ይቆረጣል። ቦይለሩና ሚክሰሩ ዋስትና አላቸው፤ ዋስትናው የሚሠራው ደረሰኝ ላለው ነው። ሰውየው ቢጠፋም ሴራሚኩ ቤቴ ነው ያለው። ሴራሚክ ስትገዙ ለተሰባሪና ለሚቆረጥ 10 በመቶ ያህል ጨምሩ። ካርቶኑ ላይ ያለው የቀለም ቁጥርም አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ። የተረፈውን አትመልሱት፤ ወደፊት አንዱ ቢሰነጠቅ ያንኑ ቀለም አታገኙም።

ይህ መንገድ አሰልቺ ጎን አለው። ቴፍሎን አለቀ፣ ብሎን አነሰ፣ ዲስክ ተሰበረ እያሉ በየሰዓቱ ይደውሉላችኋል። ለዚያ ትንሽ ገንዘብ አስቀድሜ እሰጣለሁ፤ ከገዛበት ቦታ ወረቀት ያመጣል፤ ሲያልቅ ወረቀቶቹን ደምረን እንደገና እሞላለታለሁ።

ለእጅ ዋጋው የምሰጠው ቀብድ ትንሽ ነው። ሠራተኛ ለማምጣት፣ ዕቃ ለማጓጓዝ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለመግፋት የሚበቃ። ቀሪውን በሥራው ደረጃ እከፋፍለዋለሁ። ለመታጠቢያ ቤቱ እንዲህ ነበር የተስማማነው፦ አሮጌው ፈርሶ ፍርስራሹ ከግቢ ሲወጣ፤ ቧንቧና መስመሩ ተዘርግቶ ግድግዳው ሳይደፈን ሲፈተሽ፤ ወለሉ ውሃ መከላከያ ተቀብቶ ሲፈተን፤ ሴራሚኩ ተነጥፎ ፉጋው (በሴራሚኮቹ መካከል ያለው ክፍተት) ሲሞላ፤ ሲንኩና ሻወሩ ተገጥሞ ሲሠራ። መጨረሻ ላይ 10 በመቶ ይቀራል። በትልልቅ የግንባታ ውሎች ውስጥ ይህ የተለመደ መያዣ ነው፤ ለመታጠቢያ ቤት የማይሆንበት ምክንያት የለም። አስተውሉ፣ አንድም ቦታ «ሰኞ እከፍላለሁ» አላልኩም። ቀን ስትቆርጡ ቀኑ ይደርሳል፤ ሥራው ግን ላይደርስ ይችላል።

ቅዳሜ ከሰዓት የሚመጣውን ጥያቄም ተዘጋጁበት። ባለሙያው በር ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እትዬ፣ ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ነው የሚገቡት፣ ትንሽ ቆንጠር አድርጊልን» ይላል። ውሸት አይደለም። ረዳቶቹ ቆመው ያዩኛል፤ እኔም ሰው ነኝ። ያኔ የማደርገው ሜትር ማውጣት ነው። የተነጠፈውን በካሬ አብረን እንለካለን፤ ለተለካው እከፍላለሁ። እሱም ቅር አይለው፤ እኔም አልጨነቅ። የሚከብደው ያልተሠራውን ሲጠይቁ ነው፤ ያኔ «ሰኞ ይሄን ጥግ ጨርሱና ወዲያው» እላለሁ። አንዳንዴ ፊት ይጠቁራል። ይጥቆር።

በካሬ ስትስማሙ መለኪያውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በርና መስኮቱ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? ዞኮሎው (ግድግዳው ሥር ዙሪያውን የሚለጠፈው) በሜትር ለብቻው ነው ወይስ ከወለሉ ጋር? ሻወሩ ውስጥ ያለው የግድግዳ ጉድጓድ ጠርዙ እንዴት ይቆጠራል? እነዚህን ካልተነጋገራችሁ መጨረሻ ላይ ሁለት የተለያየ ካሬ ይዛችሁ ትፋጠጣላችሁ። በቁርጥ ወይስ በቀን የሚለውም አለ። በቁርጥ የያዘ ይቸኩላል፤ በቀን የሚከፈለው ይንቀራፈፋል። እኔ መለካት የሚቻለውን ሁሉ በቁርጥ አድርጌዋለሁ። ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቀውን፣ እንደ አሮጌ ቧንቧ ፍለጋ ያለውን፣ በቀን። ልስን ላይ ግን ተጠንቀቁ። በቁርጥ የያዘ ቀቢ ልስኑ ሳይደርቅ ስቱኮውን ሊጭንበት ይፈልጋል፤ በኋላ ቀለሙ ይነሳል። ለቀቢው የመጠበቂያ ጊዜውን በስምምነቱ ውስጥ ጻፉለት።

አሁን ስለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ጨዋ ሰው ነበር። ከግማሽ በላይ ሲደርስ ሌላ ቦታ ትልቅ ሥራ አገኘና ስልኩን ማንሳት ተወ። ገንዘቡ ከሥራው ኋላ ስለነበር የያዝኩት ቀሪ ሂሳብ ነበረኝ። በዚያ ሌላ ሰው አስገባሁ። እውነቱን ለመናገር ቀሪው አልበቃም። ሁለተኛ የሚመጣ ሰው የሌላውን ሽቦ ሲከተል ጊዜ ይፈጃል፣ ለሌላ ሰው ሥራ ኃላፊነት አልወስድም ይላል፣ ዋጋም ይጨምራል። የጨመርኩት ግን ትንሽ ነው። ግማሹን አስቀድሜ፣ ሌላውን ግማሽ «ሊያልቅ ነው» ሲለኝ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ሁለቴ ነበር የምከፍለው።

ከቀብድ በላይ ኪስ የሚያራቁተው ግን ተጨማሪ ሥራ ነው። የሚጀምረው ከእኛ ነው። «በዚያውም ይችን ሶኬት ብታዞራት...» «በዚያውም በረንዳውን...» እንላለን። ባለሙያው «ችግር የለም» ይላል። ችግር የለም ማለት ነፃ ማለት አይደለም። መጨረሻ ላይ ሂሳቡ ሲመጣ ያቺ ሶኬት ራሷን የቻለች ሥራ ሆና ትቆጠራለች። እሱ በልቡ ዋጋ ይዟል፤ እኔ በልቤ ይሉኝታ ይዣለሁ፤ ሁለታችንም አልተናገርንም። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው። ተጨማሪ ነገር ከመነካቱ በፊት ደብተሩ ላይ ይጻፋል፤ ከጎኑ ዋጋው ይቀመጣል፤ ሁለታችንም እንፈርማለን። ዋጋ የሌለው ከሆነም «በነፃ» ተብሎ ይጻፋል። መጀመሪያ ሰሞን ይስቁብኛል። ኋላ ራሳቸው «ደብተሩን አምጪው» ይላሉ።

ደብተሩ ተራ የተማሪ ደብተር ነው። በአንድ ገጽ አራት አምድ፦ ቀን፣ ለምን ሥራ፣ የተከፈለ፣ ፊርማ። ከሥር ቀሪው። ገንዘቡን እሱ ፊቴ ቆጥሮ ይፈርማል። ለረዳት አልሰጥም፤ ባለሙያው ራሱ ደውሎ «ለእሱ ስጪው» ካላለ በቀር። ካለም መልእክት እንዲልክልኝ እጠይቃለሁ። ከፍዬ ስጨርስ ደግሞ አጭር የስልክ መልእክት እልካለሁ፦ «ዛሬ ለሴራሚክ ነጠፋ ይህን ያህል ከፍያለሁ፣ ቀሪው ይህን ያህል ነው።» እሱ «ደርሶኛል» ይላል። ደረሰኝ የሌለው ሰው እንኳ ይህን ለመመለስ አይሰለችም። ትልልቁን ክፍያ ከቻላችሁ በባንክ አስተላልፉ፤ ምክንያቱን የሚጽፉበት ቦታ ላይ ሥራውን ጻፉ። የቤት ውስጥ ሥራ ሲኖር ደግሞ ብዙ ካሽ ቤት አታስቀምጡ። ሰዎቹን ስለማላምን አይደለም፤ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ አይታወቅም።

ደብተሩ ጥቅሙን ያሳየኝ ሥራው አልቆ ከተረሳ በኋላ ነው። ከማድ ቤቱ ሲንክ ጀርባ ያለው ግድግዳ ረጠበ። የቧንቧ ሠራተኛው ስደውልለት «እዚያ ጋ እኔ መገጣጠሚያ የለኝም» አለ። እሱ ከሠራው በኋላ ሌላ ሰው ስለገባ ጥርጣሬው ተገቢ ነበር። ግን ሁለት ነገር ነበረኝ። አንደኛ፣ መስመሩን በአንድ ክንድ ያህል ወደ ቀኝ ማዞሩ በተጨማሪ ሥራ ተጽፎ፣ ተከፍሎ፣ ፈርሞበታል። ሁለተኛ፣ ግድግዳው ከመደፈኑ በፊት ያነሳሁት ፎቶ ላይ ሜትሩ ተዘርግቶ መገጣጠሚያው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፎቶውን ላክሁለት። ትንሽ ዝም አለና «እሺ እትዬ፣ ነገ እመጣለሁ» አለ። መጣም። ፎቶው ቦታውን ስላሳየን አንድ ሴራሚክ ብቻ አንስቶ ጠገነው፤ ትርፍ ያስቀመጥኩትን ሴራሚክ መልሶ ገጠመ።

ሳልፈትሽ አልከፍልም ስል የምፈትሸው ብዙ አይደለም፤ መሐንዲስ መሆንም አያስፈልግም። የሻወሩ ወለል ውሃ መከላከያ ከተቀባ በኋላ የውሃ መውረጃውን ደፍኜ ውሃ እሞላለሁ። የውሃውን ከፍታ በእርሳስ አሰምርና 24 ሰዓት አቆየዋለሁ። በማግስቱ ከመስመሩ በግልጽ ከወረደ ወይም ከሥር ያለው ጣሪያ ከረጠበ ሴራሚክ አይነጠፍም፣ ገንዘብም አይወጣም። ቀቢው ወይም ነጣፊው «አያስፈልግም» ይላል። እሱ ቸኩሏል፤ እኔ አልቸኮልኩም። የሻወሩ ወለል በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ማዘንበል አለበት፤ በውሃ ልክ አያለሁ፤ ያ ከሌለ አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሼ የት እንደሚቆም እመለከታለሁ። ሴራሚኩን በሳንቲም ወይም በመዶሻ እጀታ ቀስ ብዬ አንኳኳለሁ። ከሥሩ ኮላ የሞላበት ድምፁ ድፍን ነው፤ ያልሞላበት ባዶ ዕቃ እንደመታችሁ ይጮሃል። ባዶውን በእርሳስ አከብበዋለሁ። ቀለም የሚታየው ማታ ነው፤ የስልክ መብራት ወደ ግድግዳው አስጠግታችሁ በጎን ስታበሩ ያልተሞላው ሁሉ ይወጣል። ኤሌክትሪክ ላይ ደግሞ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ሳይገባ ጽሑፉን አነባለሁ፦ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው፤ ለምድጃና ለቦይለር እንደ ኃይላቸው ከዚያ ይወፍራል። የምድር ሽቦው ሶኬቱ ላይ መታሰሩንም በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

ከመጀመሩ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አይጠይቀውም። «ረዳትህ ከመሰላል ቢወድቅ ማን ያሳክመዋል?» ያለ ውል በካሽ ብቻ ሲሠራ ይህ ጥያቄ ባለቤት የለውም። ወደ ቤቱ ባለቤት ሊዞር ይችላል። መድን ካለው ወረቀቱን አያለሁ። ከሌለው ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ በስምምነቱ ውስጥ ይጻፋል፤ ከፍታ ላይ ለሚሠራ ሥራ ደግሞ መድን ያለውን ሰው እመርጣለሁ፣ ውድ ቢሆንም።

ስለ እነሱም ልናገር። የእጅ ባለሙያ ካሽ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሁልጊዜ ሊያጭበረብር አይደለም። ሥራ አስጨርሶ በመጨረሻዋ ክፍያ ላይ «ነገ ና» እያለ የሚያመላልስ ባለቤት ሞልቷል። ጉድለት እየፈለገ የሚቀንስ አለ። ያ ሰው አንዴ ከተቃጠለ በሚቀጥለው ቤት ቀብዱን ያስወድዳል። ስለዚህ መያዣውን ስይዝ የሚለቀቅበትን ሁኔታ አስቀድሜ እጽፋለሁ፦ ቤቱ ውስጥ ለአንድ ወር ተጠቅመንበት ካልፈሰሰ፣ ካልተነሳ፣ ካልተሰነጠቀ ይከፈላል። ወሩ ሲሞላ እሱ ሳይደውል እኔ እደውላለሁ። ይህን ሳደርግ ነጣፊው በመገረም «እውነት ለዚህ ነው የደወልሽው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለትንሽ ጥገና ስጠራው ቀጠሮ አይቀያይርብኝም።

ለረዳቶቹ ጉርሻ መስጠት ከፈለጋችሁ ከሂሳቡ ለይታችሁ፣ በራሳቸው እጅ፣ በመጨረሻው ቀን ስጡ። በመሃል ስትሰጡ ከክፍያ ጋር ይምታታል፤ አለቃቸውም «ከእኔ ሂሳብ ላይ ነው ወይስ ከራስሽ?» ብሎ ግራ ይጋባል።

የመጨረሻዋን ክፍያ ስሰጥ ደብተሩን ከፍተን ከላይ እስከ ታች አብረን እንደምራለን። ከሥሩ በራሱ እጅ ጽሑፍ «ሙሉ ሂሳቤን ተቀብያለሁ፣ ሌላ የምጠይቀው የለም» ብሎ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል። እኔም «ሥራውን ተረክቤያለሁ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ማየት ያልቻልኩት የተደበቀ ጉድለት ቢወጣ እስከ መቼ እንደሚጠግን ከጎኑ ይቀመጣል። ገጹን ፎቶ አንስቼ ለእሱም እልክለታለሁ።